በስፔን ለመምህርነት መሠልጠን፦ ከማመልከቻው እስከ ክፍሉ በር

ስፔን ሄደው ለመምህርነት መሠልጠን የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቪዛ ነው፤ ቀጥለው ስለ ገንዘብ። ስለ ክፍሉ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ነገሩ ሁሉ የሚቆጠረው ግን ከክፍሉ በር ወደ ኋላ ነው። አንድ ሠልጣኝ ልጆች ያሉበት ክፍል ለመግባት ከወሲብ ወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የስፔን ፍትሕ ሚኒስቴር ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃውን ለማውጣት የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከቪዛው ጋር ይመጣል፤ ቪዛው የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ይጠይቃል፤ ቅበላው ደግሞ የተረጋገጠና የተተረጎመ ዲግሪ ይጠይቃል። የክፍል ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሰነድ ማሰባሰቡ ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ መጀመር አለበት። የዘገየ ሰው የሚዘገየው በአንድ ወር አይደለም፤ በአንድ ዓመት ነው።

እኔ የሠለጠንኩት ሴቪያ ውስጥ ነው፣ በጂኦግራፊና ታሪክ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአንዳሉሲያ የሚመጡት ለዚህ ነው። በሌላ ክልል የክፍያው መጠንና የማመልከቻው ቀን ይለያያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

አንደኛ፦ ምን እንደምትሠለጥኑና ምን እንደማታገኙ እወቁ

ስፔን ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህር የሚወጣው ለዚሁ ከተዘጋጀ የአራት ዓመት፣ የ240 ክሬዲት ዲግሪ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ግን መጀመሪያ በታሪክ፣ በሒሳብ ወይም በሌላ የትምህርት ዘርፍ ይመረቅና ከዚያ የአንድ ዓመት፣ የ60 ክሬዲት የመምህርነት ማስተርስ ይወስዳል። አገር ቤት ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ስፔናውያንም ከ2009 (እ.ኤ.አ.) በፊት ካፕ የሚባል አጠር ያለ ኮርስ ወስደው ነበር ወደ ክፍል የሚገቡት፤ እሱ የተተካው በማስተርሱ ነው። ዲግሪ ይዞ ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ አጭሩ መንገድ ይህ ስለሆነ ከዚህ በታች የምናገረው ስለ እሱ ብቻ ነው።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። ማስተርሱን መጨረስ የስፔን መንግሥት መምህር አያደርጋችሁም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቋሚ መምህር የሚቀጠረው ኦፖሲሲዮኔስ በሚባል የውድድር ፈተና ሲሆን፣ ለዚያ ፈተና ለመቀመጥ የስፔን ወይም የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ዜግነት ወይም ከእንዲህ ያለ ዜጋ ጋር የቤተሰብ ትስስር ያስፈልጋል። ሁለተኛም አለ። ዩኒቨርሲቲው የአዲስ አበባን ወይም የባሕር ዳርን ዲግሪ ተቀብሎ ማስተርስ ሊያስገባችሁ ይችላል፤ ይህ ግን የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በስፔን ሕግ እኩያ ሆኖ ጸደቀ ማለት አይደለም። ያ ኦሞሎጋሲዮን የሚባል የተለየ ጉዳይ ነው፣ በሚኒስቴር ደረጃ የሚታይ፣ እጅግም የሚጓተት። እዚያው አገር በግል ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚያስብ ሰው ማስተርሱን ሳይጨርስ ይህንን ማመልከቻ ማስገባት አለበት። በእኔ እምነት ይህ ሥልጠና ይበልጥ የሚጠቅመው ለመመለስ፣ ወይም በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ለመሥራት ላሰበ ሰው ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የሚፈልገው ካለ ከዚህ የቀለሉ የትምህርት ዘርፎች አሉለት፤ የሠላሳ ልጆች ጫጫታ የሌለባቸው።

ሁለተኛ፦ ቋንቋውን ከወዲሁ ያዙ፤ "እናንተ"ንም አትርሱ

በስፓኒሽ ማስተማር ስፓኒሽ ከማወቅ ይለያል። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ቢ2 የሚባለውን፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ የታወቀው ማስረጃ በሴርቫንቴስ ተቋም በኩል የሚሰጠው ዴሌ ነው፤ ጊዜው አያልፍበትም። ከስፓኒሹ በተጨማሪ ማስተርሱ ራሱ በአንድ የውጭ ቋንቋ ቢ1 ይጠይቃል። ለእኛ ያ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን "በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት" ብሎ መናገር አይበቃም፤ ወረቀት ይፈልጋሉ። የትኛውን ወረቀት እንደሚቀበሉ ከማመልከታችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት።

እኔ ስፓኒሽን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጋሼ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላኩት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ጠይቃችሁ ፈልጉ። ቃላቸው የጠራ ነው፣ ትዕግሥታቸው ብዙ ነው፣ ክፍያቸውም የቋንቋ ትምህርት ቤት አይደርስም። ኩባዎች በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን "ስ" ይውጡታል፤ ሴቪያዎችም እንዲሁ። ማድሪድ ከተቀረጸ ድምፅ የተማሩ ጓደኞቼ ሴቪያ ሲደርሱ ለሁለት ወር ያህል ግራ ሲጋቡ፣ እኔ ባቡር ጣቢያው ላይ የተናገሩኝን ሁሉ ሰማሁ።

ነገር ግን ጋሼ ያላስተማሩኝ አንድ ነገር ነበር። በላቲን አሜሪካ "እናንተ" እና "እርስዎ"ን ለብዙ ሰው የሚገልጸው ቃል አንድ ነው፣ ኡስቴዴስ። ስፔን ውስጥ መምህር ተማሪዎቹን በአንድነት ሲያናግር የሚጠቀመው ሌላውን፣ ቮሶትሮስን ነው፤ ግሱም አብሮ ይለወጣል። "ደብተር አውጡ" ማለት ሳካድ፣ "እዩ" ሚራድ፣ "ተቀመጡ" ሴንታዎስ ነው። ከኩባ በተቀሰመ ስፓኒሽ ልጆችን በኡስቴዴስ ሳዝዝ ቄስ ነበር የምመስላቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ሃያ የሚሆኑ የክፍል ትእዛዞችን በዚህ መልክ በቃላችሁ ያዙ፤ ከሰዋስው መጽሐፍ ግማሹ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛ፦ ሰነድ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት

ዲግሪ፣ የውጤት ዝርዝር፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት። ዲግሪውና የውጤት ዝርዝሩ አገር ቤት በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ከተረጋገጡ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም የስፔን ኤምባሲ ያያቸዋል። የማኅተሙን ቅደም ተከተል ከኤምባሲው በጽሑፍ አግኙ። አንዱ ማኅተም ቦታውን ከዘለለ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው። ትርጉሙ የሚሠራው የስፔን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሰየመው ሕጋዊ ቃለ መሐላ ተርጓሚ ሲሆን፣ የሚተረጎመው ማኅተሞቹ ሁሉ ካረፉ በኋላ ነው፤ ማኅተሙም ይተረጎማልና።

የእኛን ሰው የሚያሰናክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ስም ነው። የስፔን ቅጽ ሁሉ አንድ መጠሪያና ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባት የመጀመሪያው፣ የእናት የመጀመሪያው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈውን፣ ብዙውን ጊዜ የአያትን ስም፣ በመጀመሪያው የቤተሰብ ስም ሳጥን አድርጉና ከዚያ በኋላ በፍጹም አትለዋውጡ። በአንዱ ቅጽ የአያት ስም ቀርቶ በሌላው ከገባ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናችሁ። ፊደሉም ያው ይሁን፦ ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከተጻፈ አገር ቤት ሳላችሁ ማስተካከያ ደብዳቤ ያዙ። ወደ ሴቪያ ከሄዳችሁ በኋላ ዘመድ በየቢሮው ማመላለስ ይሆናል። መምህሮቻችሁ በአያታችሁ ስም ሲጠሯችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ስም ዝርዝሩ የሚወጣው በቤተሰብ ስም ነው። እኔ ለአንድ ዓመት አያቴን ሆኜ ቆይቻለሁ።

ሁለተኛው ዘመን ነው። የልደት ወረቀታችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ተርጓሚው ዓመቱን እንዳለ ሊገለብጠው ይችላል፤ ያኔ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ታረጃላችሁ። ከፓስፖርቱ ጋር የሚገጥመውን ቀን በራሳችሁ ቀይራችሁ ለተርጓሚው በጽሑፍ ስጡት። ሰዓቱም ሳይረሳ፦ ቀጠሮ ላይ 9:00 የሚለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ እንቅልፍ ሲያጣ የሚስተውም ሁሉ ነው።

አራተኛ፦ ማመልከቻና ገንዘብ

በአንዳሉሲያ የሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ማመልከቻ በአንድ የጋራ ሥርዓት ያልፋል፤ የውጭ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተለየ ዙር አለ፣ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚከፈት። ይህን ዙር ያመለጠ ሰው በቀጣዩ ዙር ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ነው የሚወዳደረው። የምትመርጡት ዘርፍ ከዲግሪያችሁ ጋር መግጠም አለበት፤ የጂኦግራፊ ምሩቅ ለጂኦግራፊና ታሪክ ያመልክት። ለሌላ ዘርፍ የመግቢያ ፈተና ሊጠየቅ ይችላል።

ክፍያው በክልል ይለያያል። ይህ ማስተርስ በሕግ ለሙያው ግዴታ ስለሆነ በአንዳሉሲያ ከሌሎች ማስተርሶች ያነሰ ዋጋ አለው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ዓመት ከ1,000 ዩሮ በታች ይወጣል። ማድሪድና ካታሎኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ዋጋ የሚጨምሩበት ጊዜ ስላለ ስሌቱን አስቀድማችሁ ሥሩ። የግል ዩኒቨርሲቲ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ወረቀቱ ግን እኩል ነው።

ስኮላርሺፕ? ሴቶች እህቶቼ፣ "ሴቶች ለአፍሪካ" የተባለው የስፔን ፋውንዴሽን "ለርን አፍሪካ" በሚል ፕሮግራሙ ለአፍሪካውያን ሴቶች በስፔን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ የየዓመቱን ጥሪ ተከታተሉ። ዲግሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ጎራ በሉ፦ ከስፔን ዩኒቨርሲቲ ጋር ኤራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የተማሪ ልውውጥ ስምምነት ካለ ለአንድ ሴሚስተር ሄዶ መመለስ ይቻላል። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የሚጠይቀው ያጣ ስምምነት አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ ቪዛ

ከስድስት ወር ለሚበልጥ ትምህርት የሚያስፈልገው ረጅሙ የተማሪ ቪዛ ነው። የቅበላ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ ስፔን ውስጥ የሚሠራ የጤና መድን፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀትና የመኖሪያ አድራሻ ይጠይቃሉ። የገንዘቡ መለኪያ ኢፕሬም የሚባለው የስፔን የገቢ መነሻ ልክ ሲሆን ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ነው፤ ለአሥር ወር 6,000 ይሆናል። ከማመልከታችሁ በፊት የዓመቱን መጠን ተመልከቱ።

የፖሊሱና የሕክምናው ወረቀት ዕድሜያቸው አጭር ነው። ብዙ ሰው ጥንቃቄ ብሎ እነሱን ቀድሞ ያወጣል፤ ቅበላው ሲመጣ ጊዜያቸው አልፎ ይገኛል። በመጨረሻ አውጧቸው። የጤና መድኑ ደግሞ የአውሮፕላን መንገደኛ መድን አይደለም፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ከኪስ የማያስከፍል፣ ሙሉ ሽፋን ያለው መሆን አለበት። ይህን ሳይለዩ ርካሹን ገዝተው የተመለሱ አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። መድን ሻጩ "ለቪዛ ይሆናል" አለኝ፤ ገንዘቤን አልመለሰልኝም።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ወር

ስፔን ከደረሳችሁ በኋላ ሰዓቱ ይሮጣል። የውጭ ዜጋ መታወቂያ ካርድ፣ ቲዬ የሚሉት፣ በገባችሁ በአንድ ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ለእሱ ቅጽ ኢኤክስ 17፣ በባንክ የሚከፈል ሞዴሎ 790 ኮድ 012፣ ፎቶግራፍና የአሻራ ቀጠሮ ያስፈልጋል። ቀጠሮው ነው ችግሩ። በድረ ገጹ ላይ "ቀጠሮ የለም" የሚለው ጽሑፍ ለሳምንታት ሊያስለቅስ ይችላል። ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት ቀጠሮ ፈልጉ፤ ማለዳ ሞክሩ፣ በአጎራባች ከተማም ሞክሩ። ቀጠሮ ሸጣለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ፤ ቀጠሮ ነጻ ነው።

አሻራ ከመስጠታችሁ በፊት በማዘጋጃ ቤት ነዋሪነታችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ኤምፓድሮናሚየንቶ ይባላል። ለዚህ የኪራይ ውል ወይም የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ክፍል ስትከራዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ዋጋው ሳይሆን "እዚህ ቤት መመዝገብ እችላለሁ?" የሚለው ይሁን። አይሆንም የሚል አከራይ ብዙ ነው። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩም መያዣ አትላኩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ርካሽ ማረፊያ ይዛችሁ ፈልጉ።

የተማሪ ቪዛ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ከልምምዱ በፊት ሥሩ፤ በልምምዱ ወራት ግን አይሞከርም።

ሰባተኛ፦ ክፍሉ

ልምምዱ ከማስተርሱ ማጠናቀቂያ የጽሑፍ ሥራ ጋር ከ60ው ክሬዲት ቢያንስ 16ቱን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ያወጣል፤ እናንተም ትመርጣላችሁ። ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ሁለት ቋንቋ የሚሠራበትን ትምህርት ቤት ፈልጉ። በአንዳሉሲያ ጂኦግራፊን ወይም ሳይንስን በከፊል በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስፔናውያን ጓደኞቻችሁ የሚፈሩት ይህንን ነው፤ እኛ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በቤታችን የማንናገረውን ቋንቋ የትምህርት ቋንቋ አድርገን ነው ያደግነው። አንድ ልጅ ሐሳቡን እያወቀው ቃሉን ሲያጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እናውቃለን። ይህ ችሎታ ነው፤ በቃለ መጠይቅ ላይም ተናገሩት።

ኢንስቲቱቶ ይሉታል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን። ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉት ግዴታ የሆነውን ኤሶን፣ ከ16 እስከ 18 ያሉት ባቺዬራቶን ይማራሉ። በኤሶ ክፍል ውስጥ በሕግ የተቀመጠው ከፍተኛ ቁጥር 30 ነው፤ ሰባ ልጅ ያስተማረ ሰው ሲገባ ግማሹ የቀረ ይመስለዋል። ቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይጀምርና ያለ ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይዘልቃል። ውጤት ከ0 እስከ 10 ነው፤ ማለፊያው 5።

ስትገቡ የሚነሣ የለም። ይህን አስቀድማችሁ ለልባችሁ ንገሩት። ልጆቹ በስም ወይም "ፕሮፌ" እያሉ፣ በአንተና በአንቺ ያናግሯችኋል፤ እኛ አገር ቢሆን ወላጅ የሚያስጠራ ነገር ነው። ንቀት አይደለም። የንቀቱ ምልክት ሌላ ነው፤ እሱን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ መመልከት ያስፈልጋችኋል። ምን እንደምትመለከቱ ካልወሰናችሁ ግን ሁለቱ ሳምንታት እንዲያው ያልፋሉ። እኔ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ እመዘግብ ነበር፦ ሰኞ መምህሯ ዝምታን እንዴት እንደምታመጣ፣ ማክሰኞ ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቅ፣ ረቡዕ ከኋላ ያሉት ልጆች ስንት ጊዜ እንደሚናገሩ። ዝምታን የምታመጣው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። እኔ ስጮህ ልጆቹም ይጮኹ እንደነበር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሠልጣኛችሁ፣ ቱቶር የሚባለው መምህር፣ የትምህርት ዕቅድ ይጠይቃችኋል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ ባለው የትምህርት ሕግ መሠረት ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከምዕራፍ ሳይሆን "የመማሪያ ሁኔታ" ከሚሉት ተነሥቶ ነው፦ ልጆቹ አንድ ተጨባጭ ነገር ይሠራሉ፣ እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ በሕጉ ከተዘረዘረ የምዘና መስፈርት ጋር ይያያዛል። ቱቶሬ ዕቅዴን ስትመልስልኝ ዳር ላይ የምትጽፈው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበር፦ "ይህ የትኛውን መስፈርት ይመዝናል?" መልስ ያላገኘሁለትን እንቅስቃሴ እሰርዘዋለሁ። ሦስት ዕቅድ እንዲህ ከተመለሰላችሁ በኋላ አራተኛው በራሱ ይስተካከላል።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቃል በቃል ጻፉት፤ ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ቁሙ። እኔ የጀመርኩት በኤሶ ሦስተኛ ዓመት፣ ስለ ከተማና መጓጓዣ ነበር። ሰሌዳው ላይ አውቶቡስን ጋሼ ባስተማሩኝ ቃል ጻፍኩ፦ ጓጓ። በኩባ አውቶቡስ ማለት ነው። ከፊት ያለው ልጅ እጁን አወጣና "ፕሮፌ፣ የካናሪያ ሰው ነህ?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስፔን ውስጥ ይህን ቃል የሚሉት የካናሪያ ደሴቶች ሰዎች ብቻ ናቸው። ቱቶሬ ከኋላ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ቃሉን ላጠፋው ዳስተሩን አነሣሁ፤ ከዚያ መለስኩት። በቦታው "አውቶቡስ በየት አገር ምን ይባላል?" ብዬ ጠየቅሁ። በሜክሲኮ ካሚዮን፣ በቦነስ አይረስ ኮሌክቲቮ፣ በላስ ፓልማስና በሀቫና ጓጓ። የኢኳዶር ተወላጅ የሆነች፣ ለሁለት ሳምንት ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ፣ የእናቷን ቃል ጨመረችልን። "በእኔ ቋንቋ ደግሞ ጓጓ ማለት አንድን ነገር በጣም ፈለገ ማለት ነው" አልኳቸው፤ ለቀሩት ሳምንታት ደወል ሊደወል ሲል "ፕሮፌ፣ ጓጓ!" ይሉኝ ነበር። ዕቅዴ ግማሹ አልተሠራም። ቱቶሬ ያን ቀን ዳር ላይ ምንም አልጻፈችም።

የተሳሳታችሁትን ቃል በየቀኑ የምትጽፉበት አንድ ገጽ ይኑራችሁ፤ ማታ አስተካክሉት። ለመጨረሻው የልምምድ ዘገባ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ልታልፏቸው የማይገቡ ጥቂት ወሰኖች አሉ። ቱቶር በሌለበት ክፍሉን ብቻችሁን አትያዙ፤ የቀረ መምህር ካለ ተረኛ መምህር አለ፣ ሥራው የእሱ ነው። የልጆችን ፎቶግራፍ አታንሡ፣ ለዘገባም ቢሆን። ፓርቴ የሚባለውን የጥፋት ወረቀት ራሳችሁ አትጻፉ፤ ለቱቶር ንገሩ። የመምህራን ስብሰባ ሲኖር ግን እንድገባ ፍቀዱልኝ በሉ። የልጆች ውጤት የሚወሰንበትን ስብሰባ ያላየ ሰው ትምህርት ቤቱን አላየውም።

በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ተሸሽጋችሁ ዕቅድ አትጻፉ። ወደ መምህራን ማረፊያ ወይም ወደ ካፌው ውረዱ። ወሬው የሚወራው፣ "ያንን ልጅ እንዲህ ያዘው" የሚባለው እዚያ ነው። ልምምዱ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ ለጾመኛ ያለ ሐሳብ የሚቀርበው የሴቪያ ቁርስ የተጠበሰ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት ነው። "ያለ ሃሞን" ማለትን ግን እንዳትረሱ፤ ካልነገራችኋቸው ሥጋ ይጨምሩበታል። የቅዱስ ሳምንታቸው ከእኛ ሰሙነ ሕማማት ጋር ብዙ ዓመት አይገጥምም፤ ስለዚህ እነሱ ሲዘጉ እናንተ ገና ትጾማላችሁ፣ የእኛ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ክፍል ትሆናላችሁ። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ልምምዱ ሲጀመር ይጠይቅ። ከቅዱስ ሳምንት ብዙም ሳይቆይ የሴቪያ ፌሪያ የሚባለው የከተማው በዓል ይመጣል፤ ሌላ የትምህርት ቀን ይሄዳል። ሁለቱን ቀንሳችሁ ካልቆጠራችሁ ያቀዳችሁት ትምህርት በግማሽ ይቀራል።

ስምንተኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት

የመጨረሻውን የጽሑፍ ሥራ ከተከላከላችሁ በኋላ ዲፕሎማው ወዲያው አይታተምም፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የዲፕሎማውን ክፍያ እንደከፈላችሁ እስኪታተም ድረስ በእሱ ቦታ የሚያገለግለውን ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ሱፕሌቶሪያ የሚሉትን፣ ጠይቁ። ከእሱ ጋር ዝርዝር ውጤት፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ይዘትና የልምምድ ሰዓታችሁን የሚገልጽ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ያዙ። አገር ቤት አቻ ግምት ሲጠየቅ የሚፈለገው ይህ የሰዓት ደብዳቤ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሐምሌ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ የሚፈርምላችሁ ሰው አታገኙም። በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መምህራኑ የመጨረሻውን ውጤት አስገብተው ለዕረፍት ከመበተናቸው በፊት፣ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ይዛችሁ ቅረቡ። እሷ ማኅተም ብቻ ትምታበት።